ስሱ ለእኔ፣ ወፍራሙ ለካሳው

ለእኔ ስሱን ሰጡኝ፤ ለካሳው ወፍራሙን። በደሌ ይኸው ነው። ሌላ ሌላውን ይቅር ብያለሁ፤ ይቅር ያላልኩትንም እርጅና አስረስቶኛል። ይህን ግን ለሰማኝም ላልሰማኝም ስናገር ከረምኩ። ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስጀምር ሚስቴ ሐዋ ሰለቻት መሰለኝ፣ «ለኔ ከምትነግረኝ ለምን አትጽፈውም?» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ስሱና ወፍራሙ የዓይን ብሌን ነው፤ ከሞተ ሰው ተነሥቶ ለእኔና ለካሳው የገባው። ብሌን ሲሉ መሃል ላይ ያለውን ጥቁሩን አይደለም፤ ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት የከደነውን ነው። ስለ ስስና ስለ ወፍራም ደግሞ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳና ሌጦ ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቆዳ የከብቱ ነው፤ ሌጦ የበግና የፍየሉ።

ሥራ የጀመርኩት ውጫሌ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ጨው ነስናሽ ሆኜ ነው። ጨው እጅን ይበላል፤ ሽታው ደግሞ ቤት ድረስ ይከተላል። ሚስት ስፈልግ ስንቱ ቤት በዚሁ ሽታ መልሶኛል። ሐዋ እሺ ያለችኝ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ስለነበር እንደሆነ እስከ ዛሬ ትምላለች።

ከጨው አንሥቶ መራጭ ያደረገኝ አያ ይመር ነው፤ አላህ ይዘንለት። እኛ ከሥራ በኋላ ስንታጠብ እሱ ከሥራ በፊት ነበር የሚታጠበው። «ያደፈ ጣት ይዋሻል» ይላል። በሩ ሥር የተገለበጠ ሣጥን ላይ ይቀመጥና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሌጦውን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። የሌጦውን ጀርባ ይቆነጥጣል፣ አንገቱን ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ብብቱ ሥር ይገባል፤ ጎኑ ከጀርባው ምን ያህል እንደሚሳሳ በዚያ ያውቃል። ቀጥሎ ፀጉሩን አግድም እፍ ይልበታል። ፀጉሩ ተከፍሎ አንድ መስመር ይታያል፤ እከክ የያዘው በግ ከሆነ እዚያ መስመር ላይ ጥቃቅን ብጉር አለ። ከነጋዴ እጅ ሻይ የሚቀበለው መርጦ ሲጨርስ ብቻ ነው። የወደቀውን ሌጦ አጣጥፎ በሁለት እጁ ለባለቤቱ ይመልስና «ለኛ አይሆንም እንጂ ለቤትህ መቀመጫ ይሆናል» ይለዋል። ሰውየው ሌጦው ወድቆበት አመስግኖ ይሄዳል። ይህን አልተማርኩለትም። እኔ የወደቀውን እወረውራለሁ።

ከሁሉ የጠበቀ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሌጦ የሚመረጠው በጠዋት ብርሃን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ብጉሩ ጥላ ያጣና ይደበቃል። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ትንሿም ብጉር ጥላ ትጥላለች።

«ከሰዓት በኋላስ፣ አያ? ያኔም ብርሃኑ ከጎን ነው» አልኩት።

«ያኔ መራጩ ይደክማል፤ ነጋዴው ይነቃል» አለኝ።

እንደ ሃይማኖት ያዝኩት።

ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሽታውን ስለማይችል ሎሚ ይዞ ነበር የሚገባው። ሲቆጣን እንኳ ሎሚውን ከአፍንጫው ስለማያነሣ ምን እንዳለ ሳይገባን ተቆጥቶ ይወጣል። ከሱ ጋር ብዙ ዓመት በሰላም ኖርን። ቀጥሎ የመጣው የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ሌጦ ሳይቀር ተሰልፎ እንዲያድር የሚፈልግ። እሱ ነው አንድ ክረምት ቢስቲማ፣ በኋላም ሐይቅ ያዛወረኝ። ሐይቅ እያለሁ ጢሜ ሸብቶ ፊደል ቆጠርኩ። እስከዚያ ድረስ ደረጃ የምሰጠው በጠመኔ ጭረት ነበር። ለጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ሐዋ ገፍታ አስገባችኝ፤ ከስሜ ቀድሜ «ውዳቂ» ብሎ መጻፍ ቻልኩ። ሥራዬ ነዋ።

ይህን ቃል በብዛት የጻፍኩት በካሳው ሌጦ ላይ ነው። ካሳው ከውጫሌ ሌጦ እየሰበሰበ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ሲምል ግን «ወላሂ» ይላል፤ በራሱ ታቦት በሐሰት መማል ይፈራል። ጥበቡ ሌጦ ውሃ ማጠጣት ነው። በጨው ውሃ ነክሮ ያሳድረዋል፤ ሲያመጣው ወፍሮ፣ ከብዶ፣ ተከብሮ ይመጣል። ውሃ የጠጣ ሌጦ ሲቆነጥጡት የበሬ ቆዳ ነው፤ ሲደርቅ ወንፊት ነው። እሱ ያመጣል፣ እኔ እወረውራለሁ፤ እንዲህ ሆነን አረጀን።

ከዚያ ዓይኔን ሞራ ሸፈነው። ሞራውን አወጡልኝና ደህና አየሁ። ሌላኛው ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጌጥ ነው፤ እሱን አትቁጠሩት። ጥቂት ቆይቶ የዳነው ዓይኔ ፊቱ እንደ መስታወት ያልበው ጀመር። ጠዋት ስነሣ ጉም ነው። ረፋዱ ላይ ትንሽ ይገፈፋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው እለያለሁ። ማንም አላጠፋም፤ አንዳንድ ዓይን እንዲህ ያደርጋል አሉ። እንግዲህ አስቡት። ዓይኔ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የአያ ይመር ሕግ ደግሞ ጠዋት ነው። ሰው ቢሆን ሰዓቱን ይቀይራል። እኔ ሕግ አልሰብርም ብዬ ጠዋት ጠዋት በጉም ውስጥ ተቀምጬ፣ ጥላ የምትጥለዋን ብጉር ስፈልግ ከረምኩ። ብጉሯን አላገኘኋትም። አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ እያልኩ አሳለፍኩ። ነጋዴው ሁሉ ወደደኝ። እንደዚያ ዘመን ተመርቄ አላውቅም።

ሌጦውን የምንልክለት የቆዳ ፋብሪካ ጭነቱን በሙሉ መለሰው። ሌጦው መኪናው ላይ እንዳለ ሸትቶ፣ ግማሹ ገደል ተጣለ። የስንቱ ሰው ድካም ነው። ያኔ ኃላፊያችን ጀማል የሚባል ወጣት ነበር፤ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ይዞ የመጣ፣ መሣሪያውም እሱም የማይሳሳቱ። አንዱን ሌጦ ጭኔ ላይ ዘረጋው።

«አያ እንድሪስ፣ ይህን የመረጡት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ጣቱን አስቀመጠ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጣትህ።»

«ከጣቴ ሥር ያለውን ነው የምልዎት።»

ጣቱንም ቢሆን በግምት ነው ያወቅሁት።

ጀማል ክፉ ልጅ አይደለም። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። አያይም ብሎ ከመራጭነት አነሣኝና የት አስቀመጠኝ? በር ላይ፣ ጥበቃ! «ለጡረታ ጥቂት ነው የቀረዎት። ዓይንዎ ከተመለሰ ሣጥኑ የርስዎ ነው፤ ፊቴ መርጠው ያሳዩኛል። ካልተመለሰ ከዚሁ ከበሩ ይሸኛሉ» አለኝ። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። በሳምንቱ «ዕውሩ መራጭ» ተባልኩ። ባጃጅ ነጂ ሁሉ አጠገቤ ሲደርስ ያቀዘቅዝና «አያ፣ የኋላ ወንበሬ ተቀዷል፤ ደረጃው ስንት ነው?» ይለኛል። በዚህ ስም ጡረታ ከመውጣት ሞት ይሻላል አልኩ። ሐዋ «ሞቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም እንይ» አለች።

ደሴ አሳየን፤ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። ተመዝግበን ጠበቅን። በመጨረሻ ተደወለ፤ ብሌን ተገኝቷል፣ ቶሎ ድረሱ። ሐይቅ ላይ አውቶቡስ ስሳፈር ሐዋ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ከኋላዬ ተቀመጠች። ጎኔ ያለው ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ማነው?»

«እንድሪስ።»

«የቱ እንድሪስ?»

«ሌጦህን የጣለብህ።»

«የትኛውን ሌጦ?» አለ ካሳው።

እሱም ሞራ አስወጥቶ፣ እሱም ፊቱ አልቦት፣ እሱም ተደውሎለት ነበር። ከአምባሰል ሕዝብ ሁሉ ተመርጦ! እስከ አዲስ አበባ አንዳችን የአንዳችንን ትከሻ እየገፋን ሄድን።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ሰሌዳ ፊት አቆመችኝ። «አባባ፣ ሦስት እግር ያለው ምልክት አለ። እግሩ ወዴት ዞሯል?»

«ይህ ላልተማረ ነው» አልኳት። «እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ፊደሉን አምጪ።»

አመጣችው። «እሺ፣ ይህ ምን ይላል?»

«የቱ?»

«ይህ ትልቁ።»

«ግድግዳ ይላል።»

ካሳው ከኋላዬ ሳቀ። የሱ ተራ ሲደርስ ሰሌዳው ወደ ቀኝ ተቀምጦ ሳለ እሱ ወደ ግራ እያየ «በጣም ጥሩ ጽሕፈት ነው» ብሎ መረቃቸው።

ሐኪማችን ዶክተር ሰላም የደሴ ልጅ ነች። «አብሽሩ» ስትለኝ ግማሽ በሽታዬ ለቀቀ። ዓይኔ ለምን እንደሚያልበው ስታስረዳኝ፣ «መስታወቱ ከውስጥ በኩል ስስ ገበር አለው። ውሃውን እየመጠጠ የሚያወጣው ገበሩ ነው፤ የርስዎ አርጅቷል። መስታወቱን እንዳለ አንቀይርም። ከለጋሹ ብሌን ላይ ገበሩን ከጥቂት ሥጋ ጋር በማሽን ልጠን በትንሽ ቀዳዳ እናስገባለን፤ ከሥሩ አየር ነፍተን እናጣብቀዋለን» አለችኝ።

ልጠን ስትል ጆሮዬ ቆመ። «ሲላጥ ሁሉም እኩል ይወጣል?»

«አይወጣም። አንዱ ይሳሳል፣ አንዱ ይወፍራል።»

«እንግዲያው ወፈር ያለውን ምረጪልኝ።»

«ሱቅ አይደለም እኮ፣ አባባ።»

ቀዶ ጥገናው አለቀ። ዓይናችን ተሸፍኖ በጀርባችን አስተኙን፤ አየሩ ገበሩን ወደ ላይ ገፍቶ እንዲይዝ ጣሪያ ማየት ግዴታ ነው። ዶክተር ሰላም ለረዳቷ በቀስታ፣ «የሳቸው ስስ ሆኖ ነው የወጣው፤ ደስ ይላል። የጋሽ ካሳው ወፈር ብሏል» አለች። ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አልሸፈኑትም።

«ዶክተር!» አልኩ። «ስሱን ለምን ለኔ?»

«ስስ መሆኑ ምን ጎዳዎት?»

«ስስ ሌጦ ይቀደዳላ!»

«ጫማ ልንሰፋበት አይደለም፣ አባባ፤ ልናይበት ነው» አለችና ወጣች። ሐዋ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ በሞተ ሰው ስጦታ ላይ ደረጃ ታወጣለህ?» ብላ አሳፈረችኝ። እውነቷን ነው። ማን እንደሆነ አይነገረንም፤ ግን አንድ ሰው ሲሞት ዓይኔን ለማላውቀው ስጡልኝ ብሏል። እኔ ዱዓ አደረግሁለት። ካሳውም ነፍሱን ይማረው ብሎ አማተበ። ዝምታ ግን ካሳውን ያመዋል።

«አያ እንድሪስ።»

«አቤት።»

«የሰጡህ የክርስቲያን ቢሆንስ?»

«ዓርብ ዕለት ሥጋ ሳይ ከተጨፈነብኝ ያኔ አውቃለሁ። ያንተስ የሙስሊም ቢሆን?»

«ምን ያደርገኛል?»

«በአዛን ሰዓት እየቀሰቀሰህ እንቅልፍ ያሳጣሃል።»

«ይቀስቅሰኝ። ወፍራም ነው፤ ብዙ እንቅልፍ ማጣት ይችላል። ወፍራሙን ለማን እንደሚሰጡ መቼም ያውቃሉ።»

ላለመጎንበስ ብዬ ሶላቴን ተኝቼ በምልክት እሰግድ የነበርኩት ሰውዬ፣ ይህን ስሰማ ተነሥቼ ለመወርወር ጫማዬን ፍለጋ አልጋ ሥር አጎነበስኩ። ጫማውን አገኘሁት፤ ካሳውንም አልሳትኩትም። በማግሥቱ ዶክተር ሰላም በመብራት ስታየኝ የገበሩ ጠርዝ ለቋል። እንደገና አየር ነፋችልኝ። ጎንበስ ስላልኩ ነው አለች። እኔ የስስነቱ ነው አልኩ። ወፍራም ቢሆን ኖሮ አንድ ጫማ መወርወር ያቅተው ነበር?

ወደየቤታችን ተመለስን። የታዘዘልኝ የዓይን ጠብታ ቢቋረጥ ሰውነቴ የሰው ሥጋ ብሎ ገበሩን እንደሚገፋው ስለተነገረኝ ሐዋ እንደ ዘበኛ ቆማ ታንጠባጥብልኛለች። ክረምቱን ሙሉ ካሳው ከውጫሌ ይደውላል። «ዛሬ ዝናቡን አየሁት።» ሌላ ቀን፣ «ላሚቱን ከነጥጃዋ አየኋት። አንተስ?» እኔ ገና ዓለምን በሌጦ መጠቅለያ ላስቲክ ውስጥ እንደማየት ነበርኩ። «ደህና ነኝ» እልና ስልኩን እዘጋለሁ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አዲሱ መራጭ በኔ ሣጥን ላይ ሆኖ እፍ ሲል እሰማለሁ። እፍታው እንኳ ልክ አልነበረም። ስሱ ዓይኔ ጉድ ሠራኝ፣ በዚሁ ስም ልወጣ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

አደይ አበባው ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ቀስ እያለ ጠራ። መጀመሪያ የበሩ ማጠፊያ ታየኝ፤ ከዚያ ሐይቁ ላይ የታንኳዋ ጫፍ፤ ከዚያ የሐዋ ፊት። «አርጅተሻል» አልኳት። «አንተም መስታወት እስክታይ ጠብቅ» አለችኝ።

ለምርመራ አዲስ አበባ ስንገናኝ የካሳው ፉከራ ቀንሶ አገኘሁት። ላሚቱ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ዶክተር ሰላም ውፍረት በሚለካው ማሽን ሁለታችንንም አየችን። «የአባባ እንድሪስ ደርቆ፣ ሳስቶ፣ ጠርቷል። የጋሽ ካሳው ገና ውሃ ይዟል፤ ያበጠው ለዚህ ነው። ጠብታውን ይቀጥሉ፣ ይወርዳል።»

«ምን ይዟል አልሽ?»

«ውሃ።»

ወደ ካሳው ዞርኩ። «ሰማህ? ዓይንህ ውሃ ጠጥቷል! ስንት ዘመን ነክረህ ስትሸጥልን ኖርክ፤ ይኸው ነክረው ሰጡህ!»

ካሳው ጭንቅላቱን አከከ። «ሲደርቅ ይታያል» አለ። «ሲደርቅ ማን እንደሚበልጥ ይታያል።»

«አትጣሉ» አለች ዶክተር ሰላም። «ሲሳሳ ቶሎ ይጠራል የሚሉ አሉ፤ በመጨረሻ ለውጥ የለውም የሚሉም አሉ። እኛ ሐኪሞቹ ገና እየተከራከርንበት ነው።»

ሐኪም ከተከራከረበት እኛ ምን አግዶን ዝም እንላለን?

በዚያ ዓመት ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገጠሙ። ያኔ ክርስቲያኑም ያርዳል፣ ሙስሊሙም ያርዳል፤ መጋዘኑ እስከ አፉ ይሞላል፣ አዲሱ መራጭ ብቻውን አይችለውም። ጀማልን «ቃል ገብተህልኛል፤ አሁን ፊትህ ልምረጥ» አልኩት። «እሺ፣ የመጀመሪያው ጭነት የደረሰ ጊዜ» አለ። የመጀመሪያው ጭነት የማን ሆኖ ይምጣ? የካሳው።

ወሬው ተሰማና ባጃጅ ነጂው ሁሉ ቆመ። እጄን ታጠብኩ፤ በጠዋቱ ብርሃን ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ብሳሳት ወደ በሩ ነው የምመለሰው፤ ስሙም ከኔ ጋር። የመጀመሪያውን ዘረጋሁ፣ ቆነጠጥኩ፣ እፍ አልኩ። ቀስ አልኩ።

ካሳው መቻል አቃተው። «ምን ታሻሸዋለህ? አይታይህም? ይኸው፣ አንገቱ ላይ ቢላ ነክቶታል! ለኔ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል!»

አየሁ። እውነት ነው። «ውዳቂ» አልኩና ጣልኩት።

ሁለተኛውን ዘረጋሁ። «እሱማ እከክ ነው! ጎኑን እየው፣ ጎኑን!» አየሁ። እከክ ነው። ጣልኩት።

ጀማል «ጋሽ ካሳው፣ ሌጦው የማን ነው?» አለው።

«የኔ ነዋ!»

«እሺ፣ ይቀጥሉ።»

ሰው ሳቁን አፍኖ ያዘ። ካሳው ግን ዓይኑ በርቶለት እሱን ለማሳየት ሲል ነጋዴነቱን ረስቷል። ሦስተኛውን ገና ዘርግቼ ሳልጨርስ ብድግ አለ። «ብብቱ ሥር! ብጉር! ይህንም ጣለው!»

ብብቱ ሥር ገባሁ። አንዲት ቅንጣት አለች። እፍ አልኩ፤ አልሄደችም። ወደ ዓይኔ አቀረብኳት። ብጉር ከሥር ይነሣል፤ ይቺ ከላይ ነው የተቀመጠችው፤ ጥላዋ ከራሷ ይለያል። ከእርጥበቱ ጋር ተጣብቃ ነው።

«ይህ እከክ አይደለም» አልኩ። «ሌጦው ንጹሕ ነው። አንደኛ።»

ለካሳው አንደኛ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ምን አንደኛ?» ጮኸ ካሳው። «እከክ ነው እያልኩህ! ወላሂ እከክ ነው! ጀማል፣ ይህ ሰውዬ አያይም፤ ጣለው በለው!»

«የራስህን ሌጦ ነው የምታስጥለው?» አለው ጀማል።

«የራሴም ቢሆን! ውዳቂ ነው!»

ቅንጣቷን በጥፍሬ አነሣሁና መዳፉ ላይ አደረግሁለት። «እየው።»

ካሳው መዳፉን ወደ ወፍራሙ ዓይኑ አስጠጋው፤ አራቀው፤ እንደገና አስጠጋው። ጀማልም ከትከሻው በላይ አጎንብሶ አየ። ባጃጅ ነጂው ሁሉ ተሰብስቦ አየ። ካሳው ቅንጣቷን በጣቱ አንከባለላት። ከዚያ አፉ ውስጥ ጨመራትና ቆረጠማት።

«ጤፍ ነው» አለ በቀስታ።

ጀማል ጠመኔውን ከአዲሱ መራጭ እጅ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ። ሌጦው ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ «አንደኛ» ብዬ በፊደል ጻፍኩ። የቀረውን ጭነት እስከ ምሳ መረጥኩ፤ ጡረታዬም እስኪደርስ ከዚያ ሣጥን አልተነሣሁም። የስሱና የወፍራሙ ክርክር በዚያች ጤፍ ተዘጋ፤ ቀኑም ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።